በኖላ ስም ላይ የለጠፍኩት ፕላስተር

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል
ከኮሌጁ ላይብረሪ

እማ፣ እባክሽ የዛሬን ብቻ እመኚኝ።

ያለፈውን አውቃለሁ። ኖላ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ነው ብዬ ከአሪዞና እስከ ነብራስካ ድረስ ያስመጣሁሽን አውቃለሁ፣ በር ከፍተሽ ስትገቢ እሷ ሶፋ ላይ ተጋድማ ቺፕስ ስትበላ ያገኘሻትን አውቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ስልኬን የዘጋሽብኝንም አውቃለሁ። ልክ ነሽ። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ይኼ ግን እንደዚያ አይደለም፣ ይኼ ውሸት ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው። ደግሞ ለኔ አይደለም፣ ለእህቴ ለኖላ ነው። ለኔ ቢሆን አልጽፍልሽም ነበር፣ እዚህ ጋ እንኳን እመኚኝ።

በባልሽ በገስ ኢሜይል ነው የምልክልሽ፣ ምሳ ላይ የከብት ጨረታውን ሊያይ እንደሚከፍተው ስለማውቅ። ገስ፣ የከፈትከው አንተ ከሆንክ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ እዚህ ጋ አቁምና ለእማ ስጣት። ጮክ ብለህ አታንብብላት። ብቻዋን ታንብበው።

ኮምፒውተሩን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጡኝ፣ በሁለት ጣት ነው የምጽፈው፣ ፊደል ስስት አትሳቂብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ኮሌጃችን ደራሲ እንግዳ አለችበት። ስነግርሽ አትሰሚኝም እንጂ በየወሩ አንድ ደራሲ ከሩቅ ይመጣል። የነኖላ የድርሰት አስተማሪ ሚስተር ሃቭሊክ ከኦማሃ አየር ማረፊያ ሦስት ሰዓት ነድቶ ያመጣዋል፣ ከካፊቴሪያችን አጠገብ ያለው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ከመጽሐፉ ያነባል፣ ሰው ይጠይቀዋል፣ ብስኩት ይበላል፣ በቃ። ወንበሩን የምደረድረው እኔ ነኝ። ሰማንያ ወንበር። ብስኩቱን የማወጣው እኔ፣ ሲያልቅ ወንበሩን የማጥፈው እኔ። ተማሪዎቹ ግማሾቹ በሩ ጋ ያለው ወረቀት ላይ ስማቸውን ፈርመው፣ ተጨማሪ ማርካቸውን ይዘው፣ በጓሮ በር ውልቅ ይላሉ። እኔ ግን ከኋላ የቡናው ማሽን አጠገብ ቆሜ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ስለ ንብ የጻፉትን ሽማግሌ ሰምቻለሁ። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴትዮ ስታነብ አስለቅሳኛለች። ሦስት ጆግ ውሃ ጠጥቶ ሁለት ገጽ ብቻ አንብቦ የሄደም ጉድ አይቻለሁ። አንድም ቀርቶብኝ አያውቅም እማ። ስሜ ግን አንድ ቀንም እዚያ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም፣ ወረቀቱ የተማሪ ነው።

እንግዳው ከማንበቡ በፊት ከኛው ልጆች አንዱ አምስት ደቂቃ ያነባል፣ ልማዱ ነው። ማን እንደሚያነብ የሚመርጠው ራሱ እንግዳው ነው፣ ሚስተር ሃቭሊክ የልጆቹን ጽሑፍ ቀድሞ በፖስታ ይልክለታል። የዛሬዋ እንግዳ ሚስ ኦዴት ብሪም ትባላለች። ከአሥራ ዘጠኝ ልጅ ማንን መረጠች? ኖላን። ፖስተሩ ላይ ከሴትዮዋ ስም ሥር «ኖላ ዌግነር» ተብሎ ወጣ፣ በቀይ። ያንን ያየ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ደግሞ በመስከረም እነሱ ጋ እንድትገባ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት ነው።

እማ፣ ቅናት አንጀቴን በላው። ለማን ልዋሽ፣ በላው። ጠዋት ጠዋት እሷ ደብተሯን ታቅፋ በፊት በር ስትገባ እኔ በጓሮ ገብቼ ሽንኩርት እልጣለሁ። ምሳ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ትመጣና «ዴልስዬ፣ ጥብሱን በዛ አርጊልኝ» ትለኛለች፣ ጓደኞቿ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ አበዛላታለሁም። እሑድ እሑድ ለሷ ትደውያለሽ። «ዴልሲ ደኅና ናት?» ስትያት ይሰማኛል፣ እዚያው እኮ ነኝ፣ ሳህን እያጠብኩ፣ እጄን ብዘረጋ ስልኩን እነካዋለሁ። «ደኅና ናት» ትልሻለች። አንቺም «እሺ» ትያለሽ።

ሰኞ ዕለት ጽሑፏን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ረስታው ሄደች። አነሳሁት። እንዲህ ይላል መጀመሪያው፦ «እህቴ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዓይኗ ከመሪው በላይ እንዲያይ የላም መኖ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ነበር።»

የዚያን ቀን ነው እማ። የቱን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ጅረቱ የሞላ ቀን። አንቺ ያመመሽ ቀን። አሞሽ ነበር እንበል።

የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ ሁለተኛውን አልገለጥኩትም። ዓይኔ ደም ለበሰ። ያ ቀን የኔ ነው! ውሃው የወጥ ቤቱን ደፍ ሲነካ ከሶፋው ላይ የጎተትኩሽ እኔ ነኝ፣ ኖላ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እግርሽን ይዛ ታለቅስ ነበር። ፒክአፑ ላይ ጭኜሽ፣ ማርሽ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ፣ ድልድዩ ላይ ውሃው በሩን እየገፋኝ የነዳሁት እኔ ነኝ። ተሻግረን የፒተርሰንን አጥር ስገጭ ነው የነቃሽው። ከዚያ የሸሪፉ ፖሊስ መጣና አንቺ ምን አልሽው? «ይቺ ልጅ መኪናውን ከነሕፃኗ ሰርቃ ጠፋች፣ በውሃ ውስጥ እየሮጥኩ ነው የደረስኩባቸው» አልሽው። እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ነበርሽ፣ አመነሽ። እኔ ተናገርኩ፣ ውሸታም ተባልኩ። ትምህርት ቤት ተናገርኩ፣ ሌባና ውሸታም ተባልኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ደብተሩን የጣልኩት ለምን ሆነና። ልወቅስሽ አይደለም እማ፣ እንዳትዘጊው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ነገሩ እንዲገባሽ ነው። እኔ አፌ እስኪደርቅ ስናገረው ማንም ያልሰማኝን፣ እሷ ስትጽፈው ማይክ ሰጧት። ግማሹን ደግሞ እኔ ነኝ የነገርኳት፣ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ።

ማክሰኞ ወንበር ስደረድር ሚስተር ሃቭሊክ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ዴልሲ፣ በእህትሽ አልኮራሽም? ሚስ ብሪም በስልክ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ይኼን ያህል እውነት የሆነ ነገር ካነበብኩ ቆይቻለሁ ነው ያለችኝ!»

እውነት የሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲለኝ የለመንኩት ቃል እሱ ነው።

«የሷ አይደለም» አልኩት።

«እ?»

«ከመጽሔት ነው የገለበጠችው። ጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ስጠብቅ አይቼዋለሁ፣ ቃል በቃል።»

«የትኛው መጽሔት?»

«ሽፋኑ ተቀዷል።»

ጥርስ ሐኪም ጋ ከሄድኩ እኮ ስድስት ዓመቴ ነው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አፌ ብቻውን ሄደ። ስቆ የሚያልፈው መስሎኝ ነበር፣ ወይ «እስቲ እጠይቃታለሁ» የሚል። ሰውዬው ግን አመድ መሰለ። የያዘውን ወንበር ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ። ለካ እነሱ ዘንድ የሰው ጽሑፍ መገልበጥ መኪና ከመስረቅ ይብሳል፣ እኔ በምን አውቄ! ወዲያው ለኮሌጁ ዲን በጽሑፍ አመለከተ። ትናንት ኖላን ጠርተው ዛሬ እንደማታነብ ነገሯት። ሰኞ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፣ ካላመኗት መዝገቧ ላይ ይጽፉባታል፣ የዩኒቨርሲቲውም ነገር አለቀለት።

ከዚያ ደግሞ ሚስተር ሃቭሊክ እኔ ጋ መጣ፣ ነጭ ፕላስተር ይዞ። «ይቅርታ አርጊልኝ ዴልሲ፣ ሌላ ሰው ባዝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ፖስተሮቹ ላይ ያለውን ስሟን ሸፍኚው» አለኝ። ሃያ ሁለት ፖስተር እማ። ኮሪደሩ ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ሴቶች ሽንት ቤት በር ላይ ሳይቀር። እየዞርኩ የእህቴን ስም በገዛ እጄ ሸፈንኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስቱን ስለጥፍ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥረኛው ላይ ስደርስ ስሟን ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምለጥፈው።

ማታ ራት ሰዓት ላይ ገባች። ለዛሬ ብላ የገዛችውን ሰማያዊ ሸሚዝ ከነመለያው ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳ ሰቀለችው። እኔ ማካሮኒ አማስላለሁ። ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ዴልሲ፣ ማነው እንዲህ የሚጠላኝ?»

«ሰው ቀናተኛ ነው» አልኳት። እማ፣ እንደዚያ አልኳት። ዞሬም አላየኋት።

«እንግዲያው ለእማ ደውዪላት» አልኳት ቆየት ብዬ፣ «እዚያ ነበረች፣ ትመስክርልሽ።»

«እማን እንዳትነኪያት!» ብላ ጮኸችብኝ። ኖላ ጮኻብኝ አታውቅም። «ጽሑፉ ላይ ስሟን ለዚህ ስል ነው የቀየርኩት። ሰው ፊት ላቆማት አይደለም የጻፍኩት። ይቅርብኝ።» ስልኳን አጥፍታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፣ እስካሁንም እንደተኛች ናት። ስለዚህ ይኼን ስጽፍልሽ እሷ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ሳወጣ አንዲት ረዥም ሴትዮ፣ የወንድ ኮፍያ ያጠለቀች፣ ጭቃ የበላው ቦት ጫማ ያረገች፣ ትሪ እንኳን ሳትይዝ ሰልፉን አልፋ ፊቴ ቆመች።

«ዴልሲ የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። እንቁላልዎን ልጥበሰው ልቀቅለው?»

«እንዳሻሽ። መሪው ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። እማ፣ በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰረቅሽ ወይ? ብለው ጠይቀውኛል። ለምን ትዋሻለሽ? ብለው ጠይቀውኛል።

«ገልብጣ ነው ይላሉ» አልኳት፣ ጭልፋውን ላነሳ ጎንበስ ብዬ።

«ይበሉዋ። የኔ ልጅ፣ እኔ አርባ ዓመት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከረጢቱ ሱሪዋ ላይ የተወውን ቀይ ቀለም ማንም ከመጽሔት አይገለብጥም። መጨረሻውን አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩም።»

«አላነበብሽም?» አየችኝ፣ ረዘም አርጋ። ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል፣ ገልብጣለች ያለው ማን እንደሆነ። ከኮቷ ኪስ ወረቀቱን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልኝና «እንግዲያው እንቁላሉ ይቆይ» አለች።

መጨረሻውን ልጻፍልሽ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው፦

«የሸሪፉ ሰው ተንበረከከልኝና፣ እህትሽ ሰርቃ ነው አይደል? አለኝ። እናቴ እጄን ጨበጠችው። እኔም አዎ ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እህቴን ውሸታም ያላት ሰው ሁሉ በኔ ጭንቅላት ነው ያላት። ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኖኛል፣ ሰባት ዓመቴ ነበር እያልኩ መኖር አልችልም። እዚህ ከተማ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። አልሰረቀችም። ሦስታችንንም አሻገረችን።»

እኔ እኮ አላውቅም ነበር እማ። እኔ ያን ጊዜ የሸሪፉ መኪና ውስጥ ተቆልፎብኝ በመስታወት ነበር የማያችሁ። ስትነቀንቅ አይቻታለሁ። ብርድ ነው ብዬ ነበር። ሕፃኗ በርዷታል፣ ምነው አንድ ሰው ብርድ ልብስ ቢሰጣት እያልኩ ነበር።

እንቁላሉ ከሰለ፣ ካፊቴሪያው በጭስ ታፈነ። እኔ ያን የምሰማበትን ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ፣ ልክ ሊነገርልኝ ሲል፣ በማይክ፣ ሰማንያ ወንበር ፊት፣ እኔው ራሴ የኖላን አፍ በፕላስተር ለጠፍኩት።

ሽርጤን ሳልፈታ ሚስተር ሃቭሊክ ቢሮ ሮጥኩ፣ ሴትዮዋም ተከተለችኝ። «ዋሸሁ» አልኩት፣ «መጽሔት የለም፣ ቀንቼ ነው።»

ተቀመጠ። «ዴልሲ፣ ይኼን ትናንት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አሁን እኮ እህትሽን ልታተርፊ የምትዪው ነው የሚመስለው። ዲኑ ያንቺን ቃል አይቀበልም። ከዚህ በፊትም…» ብሎ አቋረጠው። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ።

«እኔ አምናታለሁ» አለች ሴትዮዋ።

«እኔም አሁን አምናታለሁ፣ ግን ደንብ አለ። ዴልሲ፣ እዚያ የነበረ ሌላ ሰው አለ? አንድ ሰው። ዲኑ ጋ ደውሎ፣ ይኼ ነገር በነዚህ ልጆች ላይ የደረሰ ነው የሚል። በራሳቸው ላይ የደረሰ ከሆነ ከመጽሔት ሊገለበጥ አይችልማ። እሱን ካገኘን ዛሬውኑ አስነብባታለሁ።»

«አለች» አልኩት። «እናታችን አለች።»

አየሽ እማ፣ ለዚህ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ገስ እንደማያውቅም አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ጮክ ብለህ አታንብብ ያልኩት። አሁን አራት ዓመት እንዳልቀመስሽ ኖላ ነግራኛለች፣ ስትነግረኝም ቀንቼ ነበር፣ ለኔ አልነገርሽኝማ። እስካሁን አሟት ነበር ስል ኖሬያለሁ። አላመመሽም እማ። ጠጥተሽ ነበር። ይኸው ጻፍኩት፣ ሰማይ አልወደቀም። ለዲኑ እሱን መናገር የለብሽም፣ ማንም አይጠይቅሽም። «ውሃው ሲሞላ መኪናውን የነዳችው ዴልሲ ናት፣ ሰርቃ አይደለም» በይው። ይኼን ብቻ። ከዚያ ዝጊው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ፣ የላይብረሪው ሴትዮ ሰዓቷን እያየችብኝ ነው። አሁንም እቀናለሁ። ይኼን ስጽፍልሽም እየቀናሁ ነው። ለኔ ሳትይው የኖርሽውን ለኖላ ስትይ ትይዋለሽ ብዬ አስቤ፣ በዚህም እቀናለሁ። ግን ይሁን። ለሷ ብለሽ በይው። እኔ ከኋላ፣ የቡናው ማሽን አጠገብ ቆሜ እሰማዋለሁ፣ ይበቃኛል። መጽሔት ያልኩት እኔ መሆኔን ለኖላ ገና አልነገርኳትም። አንብባ ስትጨርስ እነግራታለሁ፣ ከዚያ የፈለገችውን ታርገኝ። ፈርቻለሁ እማ፣ ከድልድዩም ይበልጥ።

እግዜር ያን ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ሙቀቱንም ያብርድላችሁ። ገስን ያቆይልሽ፣ ደግ ሰው ነው፣ እኔም ሳልፈልግ ነው የወደድኩት። ያመንሽኝ ቀን እንዳትጸጸቺ ያርግሽ።

ልጅሽ ዴልሲ፣
መሪው ላይ የነበረችው

ዲኑ ቢሮውን በኛ አሥራ አንድ፣ በናንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ቁጥሩን ቀጥዬ ለብቻው እልክልሻለሁ። ለሱ እንደደወልሽ ለኔም ደውዪልኝ፣ ዘግተሽው ከሆነ ክፈቺው፣ ለአንድ ቀን ብቻ። አሁን ስመጣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አንዱን ፖስተር ሞከርኩት። ፕላስተሩን በመዳፍ ሞቅ አርገው ቀስ ብለው ሲስቡት ስሟን ሳይቀድ ይነሳል። ሃያ አንድ ይቀረኛል። ደውዪልኝ እማ፣ ሳይመሽ።